ሃያ ሦስተኛው ቤት

«አላስጻፍኳትም አልኩህ እኮ። ስንቴ ልንገርህ?»

«እንግዲያው ከሰማይ ወረደላት?» ሹፌሩ ካርቶኑን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወደ ሚስቱ ፊት አስጠጋው። በላዩ የነበሩት የሸሚዝ ቁልፎች ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«አባዬ፣ እየመራሁ ነበር» አለች ልጅቱ። ቀኝ እግሯ እስከ ጉልበቷ በጄሶ ታስሮ ሶፋው ላይ ተጋድሟል።

«አንቺ ዝም በይ።»

ዝም አላለችም። «ሕጉ የኔ ነው። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ጨዋታውን ጠዋት አብረው ነበር የሠሩት። ካርቶኑ ሚስቱ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ያመጣችው የሽሮፕ ካርቶን ነው፤ በጀርባው «ከፀሐይ ይጠበቅ» የሚል አለበት። ሹፌሩ ትናንት ከመንገድ ሲገባ፣ ጄሶው እስኪፈታ ስምንት ቀን ሙሉ የትም እንደማይሄድ ለልጁ ቃል ሰጥቷት ነበር። ውጭ ዝናቡ አላባራም። ስለዚህ ካርቶኑን በቢላ ከፈለው፤ በማስመሪያም አርባ ስምንት ሳጥን አሰመረበት። እያንዳንዱ ሳጥን «ቤት» እንደሚባል፣ ሰው ያለበት ቤት የገባ ተጫዋች ነዋሪውን እንደሚያባርር አስተማራት። ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ቁልፍ ተሰጠ፤ የሚራመዱትን ያህል ደግሞ ቁጥር ከተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች በዕጣ ያወጣሉ።

ከምሳ በኋላ እሱ ሲተኛ ልጅቱና እናቷ እየተጫወቱ ባዶዎቹን ቤቶች በእስክሪብቶ ሞሉ። «ጎማ ፈነዳ፤ አንድ ዙር ቁም።» «ትራፊክ ያዘህ፤ ሦስት ቤት ተመለስ።» ነቅቶ አንድ በአንድ እያነበበ ሳቀ። ሃያ ሦስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ሳቁ ተቋረጠ። በልጅቱ ወልጋዳ ፊደል «ሁለት ቤት የያዘ ሰው አንዱን ይልቀቅ» ይላል።

ሹፌሩ ሁለት ቤት ነበረው። ሁለተኛው ጭነት አራግፎ በሚያድርበት ከተማ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። እዚያ አንዲት ሴትና ገና መዳህ የጀመረ ሕፃን አሉ። ሚስቱ ይህን እንደማታውቅ እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ እርግጠኛ ነበር። አሁን ግን ያወቀች፣ አውቃም በልጁ እጅ የጻፈችለት መሰለው። ከዚህ ቤትና ከዚህች ልጅ የምትነጥለው ቀን እንደደረሰች ፈራ፤ ፍርሃቱም እንደ ልማዱ ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«ሰርዢው» ብሎ እስክሪብቶውን ለልጁ ወረወረላት።

«አልሰርዝም። ያልተጫወተ ሰው ሕግ አይሰርዝም።»

«ሰማሽ? ይኼ የማን አፍ ነው?» ወደ ሚስቱ ዞረ። «ነገር ካለሽ ለኔ ንገሪኝ። ልጄን ፖስተኛ አታድርጊያት።»

«የምን ነገር?» አለች ሚስቱ፣ የሱን ሸሚዝ እያጠፈች። «እንቅልፍህ አልለቀቀህም መሰለኝ። ሂድና ፊትህን ታጠብ።»

«አታሹፊብኝ። ማን እንደነገረሽ አላጣሁትም። ያ የጋራዡ ምላሰኛ ነው። መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ ወሬ ሸጠልሽ።»

«ምን ብሎ?»

በድምፅዋ ውስጥ ተንኮል አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነበር የጠየቀችው። ሹፌሩ ይህን አየ። ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ፔዳል ምንም ሳይዝ ወለል ሲነካ እግሩ ላይ የሚሰማውን ያውቃል፤ አሁን ደረቱ ላይ ተሰማው።

«ምንም» አለ።

«ለምንም ነው ልጅ ላይ እስክሪብቶ የምትወረውረው?»

«አባዬ፣ አልገባህም» አለች ልጅቱ በምሬት። «ቤት ይባላል ያልከኝ አንተ ራስህ ነህ። እማዬ ሁለቱን ቁልፎቿን እዚህ ቤትና እዚህ ቤት አስቀምጣ ባለፍኩ ቁጥር እያባረረችኝ መንገድ ዘጋችብኝ። ስስታም ስለሆነች ሕግ አወጣሁባት። ለሷ ነው የተጻፈው።»

«ለኔ ነው» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «አንተ ያበድከው ለኔ በተጻፈ ነው።»

እጇ ላይ ያለው ሸሚዝ ትናንት ከቦርሳው ስታወጣው ታጥቦ ተተኩሶ ነበር። መንገድ ላይ ልብሱን ራሱ እንደሚያጥብ ነግሯት፣ ጎበዝ ባል አለኝ ብላ ሥራ ቦታ አውርታለታለች። አሁን የአንገቱ ቁልፍ በቡናማ ክር እንደተሰፋ አየች። ክሩን በጥፍሯ ነካችው።

«መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ትችላለህ?»

«ምን?»

«አንተ። መርፌ ውስጥ ክር።»

«ልጅቱ ፊት አትጀምሪ።»

«የጀመርከው አንተ ነህ። እኔ ዕጣ እያወጣሁ ነበር።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም ነበር። «ልጅ አለ?»

ሹፌሩ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

«አሁን እኮ ቤቱን ስታንቀጠቅጠው ነበር፤ ምን ዘጋህ? ልጅ አለ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ተረጋጊ፣ በኋላ እንነጋገራለን።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዓመት አልሞላውም» አለ፤ ካለ በኋላም ልጁን አያት።

«ማን ነው ዓመት ያልሞላው?» አለች ልጅቱ።

ሚስቱ ሸሚዙን ጨብጣ ወደሱ አንድ እርምጃ ተጠጋች። «እግሯ የተሰበረ ቀን ደወልኩልህ። ጎርፍ መንገዱን ዘግቶታል አልከኝ። ሦስት ፎቅ አዝዬ ያወጣኋት ብቻዬን ነው፤ ጆሮዬ ሥር ስትጮህ። የቱ መንገድ ነበር የተዘጋው?»

«ልጁ አሞት ነበር…»

ሚስቱ ሸሚዙን በደረቱ ላይ ወረወረችበት፤ ተንበርክካም ቁልፎቹን ከወለሉ ላይ ትለቅም ጀመር።

«የት ነበርን?» አለች ልጇን።

«እኔ አርባ አንድ ላይ ነበርኩ። አባዬ ነው ያፈረሰው።» ልጅቱ ተቆጥታለች።

«አርባ አንድ ላይ አስቀምጪዋ። ተራው የማን ነው?»

«ያንቺ።»

እናቲቱ ብጣሽ ወረቀቶቹ ካሉበት ኩባያ ዕጣ አወጣች። ሹፌሩ ጫማውን አጠለቀ። ሸሚዙን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ስለያዘበት እንደተከፈተ አነገተው።

«አምስት» አለች እናቲቱ። ቁልፏን ይዛ ቤቶቹን አንድ በአንድ ረገጠች፤ በያንዳንዱ ላይ ካርቶኑ ጎበጥ ይል ነበር። በሩ ተከፍቶ የዝናቡ ድምፅ ገባ፤ ሲዘጋም ቀነሰ።

«ስድስት ቆጠርሽ» አለች ልጅቱ። «ያወጣሽው አምስት ነው። አታጭበርብሪ።»

«እንደገና ልቁጠር» አለች እናቲቱ፣ ቁልፏንም ወደ ነበረችበት መለሰች።