ባለትዳር ይቀድማል

የዝውውር ፖሊሲው ሕግ አይደለም ብላለች እኮ ትርሲት፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በገዛ አፏ፣ ፖሊሲ መንገድ ያሳያል እንጂ እንደ አዋጅ አያስርም ብላ፣ ያኔ የጨዋታ ያህል ነበር፣ አሁን ኃላፊዋ አቶ ይስማው ያንኑ ቃሏን ይዞ ይጠብቃታል። ስማዳ አንድ የሕግ ባለሙያ ቦታ ተከፍቷል፣ ፊልጶስን ልልከው ነው፣ የክርስትና ልጄ ስለሆነ ነው እንዳትዪ፣ ሃሃ፣ ብቻ ነገ አንድ ሰው መጥቶ ፖሊሲያችሁ በዝውውር ባለትዳር ይቀድማል ይላል እንዳይለኝ፣ አያስገድድም ብለሽ ሁለት መስመር ጻፊልኝ።

ሁለት መስመር።

ትርሲት እስክሪብቶ ታነሳለች፣ ከመስኮቱ ሥር ባጃጅ ይጮሃል፣ አያስገድድም፣ እውነት ነው፣ ምክር ቤት አላወጀውም፣ ዳኛ እንደ አንቀጽ አይጠቅሰውም፣ ግን ኃላፊዎቹ በስብሰባ አንብበው አላስጨበጨቡበትም እንዴ፣ ሰው አምኖ ኑሮውን ቢያደላድልበትስ፣ አስቻለው አምኗል፣ ወደ እስቴ ያገኘውን ዝውውር ትቶ ስማዳ ከሚያስተምርበት አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይቷል፣ ትመጫለሽ፣ ፖሊሲው አለ አይደል ይላታል በስልክ፣ ባሏ፣ ይህን ሁሉ ክረምት ማንም የማያውቀው ባሏ፣ ቃሉን በሐሳቧ ስትጠራው እንኳ ጆሮዋ ይግላል።

አባባ ቢሰሙስ። በሚያስተምሩበት ቤተ ልሔም ደቀ መዛሙርቱን ሰብስበው ትእዛዝ ሌላ ምክር ሌላ ይላሉ፣ ትእዛዝ የጣሰ ይቀጣል፣ ምክር የናቀ ግን፣ የናቀ ግን ምን ይሆናል፣ ጠይቃቸው አታውቅም፣ ለዲያቆን ነበር ያሰቧት፣ እሷ ፈት መምህር አገባች፣ ተደብቃ፣ ማዘጋጃ ቤት ፈርማ። መካሪው ራሱ ምክሩን ቢንቅስ፣ ይችላል፣ አይችልም፣ ይችላል ግን ምክንያት መናገር አለበት፣ የክርስትና ልጅ ምክንያት ነው፣ አይደለም፣ ቆይ፣ ይሄ የሚናገረው ሕግ ነው ወይስ ናፍቆት፣ ቦታው ስማዳ ባይሆን እንዲህ ታስብ ነበር፣ እንጃ፣ ያኔስ አያስርም ስትል ከልቧ ነበር፣ እንጃ።

ምነው ትርሲት፣ አንቺ ዝም ስትይ ፍርድ ቤቱ ሁሉ የተዘጋ ይመስለኛል፣ ደሞስ ማን ባለትዳር ነው ለስማዳ ብሎ የሚከሰኝ፣ ይስቃል።

ብትጽፍ ቦታው ሄደ። ባትጽፍ ለምን ይላታል። እስክሪብቶውን ታስቀምጣለች፣ ሌላ የሕግ ሰው ይጻፍልዎ፣ ማነው ያለው፣ እሷ ናት፣ ድምጿ ነው፣ እኔ በዚህ ነገር ልፈርድ አልችልም፣ ለምን፣ ይኸው አለ፣ ለምን አለ፣ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከዚያ አይነሳም፣ ምላሷ ግን ቀደማት፣ ባል አለኝ፣ አቶ ይስማው፣ ስማዳ ነው ያለው፣ አባቴ ገና አልሰሙም