ወደ ግራ ብቻ የሚታጠፍ ሰው

ለሚመለከተው ሁሉ፦ የኖጂማ ቤተሰብ ጠቅላላ ጉባኤ እሑድ ከምሳ በኋላ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ፣ በመጪው የካቲት ወደ ኢሺጋኪ ደሴት በሚደረገው የመኪና ሽርሽር የጋቢናው ወንበር የእናታችን የወይዘሮ ሱሚኤ እንዲሆን በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ወስኗል። ተቃዋሚው እኔ ነበርኩ። ከኋላ ስቀመጥ ያቅለሸልሸኛል። የሐኪም ማስረጃ አምጣ ተባልኩ፤ አላመጣሁም፤ ውሳኔው ጸና።

አባቴ ኖጂማ ጌንጂሮ ዕድሜውን ሙሉ ሳይታማ ውስጥ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ባለፈው መጋቢት ጡረታ ወጥቷል። እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ በእሱ ባቡር ስትመላለስ፣ እሱ ፊት፣ እሷ ኋላ፣ መሃላቸው ወፍራም መስታወት ነበር። ትዳራቸውን ያቆየው መስታወቱ ነው የምትለው እህቴ ቺዙሩ ናት። እናቴ ግን አባቴ ጡረታ በወጣ ማግሥት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እሱ እየነዳ፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ፣ በመስኮቴ በኩል ባሕር ማየት እፈልጋለሁ።»

ሳይታማ ባሕር የላትም። ኢሺጋኪ ባሕር ሞልቷታል፣ ባቡር ግን የላትም። ስለዚህ መኪና እንከራያለን ተባለ።

«ማን ይነዳል?» አለች ቺዙሩ፣ መልሱ እሷ ራሷ እንደሆነች እርግጠኛ ሆና። ችግኝ ማፍያ ውስጥ ስለምትሠራ በየቀኑ አበባ ጭና የምትነዳ እሷ ብቻ ናት። እናቴና እኔ መንጃ ፈቃድ የለንም።

አባቴ ከደረት ኪሱ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። መሃሉ ላይ ወርቃማ መስመር ያብረቀርቃል። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

ወርቃማው መስመር እኛ ዘንድ ለዓመታት አንድም ጥፋት ላልተገኘበት ሹፌር የሚሰጥ ክብር ነው። የቺዙሩ ሰማያዊ ነው፤ «ቁም» የሚለው ምልክት ጋ ጎማዋ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም አለፈች ተብላ ተቀጥታለች። መኪና ነክቶ የማያውቅ ሰውስ ምን ጥፋት ይገኝበታል? ይህን የሚጠይቅ የለም። ምንም ያልሠራ ምንም አላጠፋም፤ ምንም ያላጠፋ ወርቅ ይገባዋል። በዚህ መንገድ የተሾሙ ሰዎች እኔ መሥሪያ ቤትም አሉ፤ ስም አልጠራም።

«አባዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የነዳኸው መቼ ነው?» አለች ቺዙሩ።

«ባለፈው መጋቢት።»

«መኪና ነው ያልኩህ፣ ባቡር አይደለም።»

አባቴ ሻዩን ፉት አለ። «ለመንጃ ፈቃዱ ስፈተን።»

«እኔ ተወልጄ ነበር?»

«ኧረ እናትሽንም አላውቃትም ነበር።»

«በቃ፣ እኔ እነዳለሁ።»

«አይሆንም!» አለች እናቴ። «አንቺ ከነዳሽ እኔ የምቀመጠው ከማን ጎን ነው? ካንቺ ጎን ከተወለድሽ ጀምሮ ተቀምጫለሁ፤ ጠግቤሻለሁ።»

«እማዬ፣ ይገለብጠናል እኮ!»

«ይገልብጠና። ሺንያ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

«መገልበጡ ካልቀረ ጋቢና ሆኜ ብገለበጥ ይሻለኛል» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። እናቴ ወርቃማውን መስመር በጣቷ እየዳበሰች፣ «ያን የሚያህል ባቡር የነዳ ሰው አንዲት መኪና ታቅተዋለች?» አለች። ጉባኤው በዚሁ ተበተነ።

እንደምታቅተው ያየነው በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ፣ የቺዙሩን መኪና ይዘን ገና ባልተከፈተ የፓቺንኮ ቁማር ቤት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ከመካከላችን አንዳችንም ቀድመን ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር፦ ባቡር መሪ የለውም። አባቴ ሕዝብ ሲያመላልስ የኖረው አንድ ቀን እንኳ ሳይታጠፍ ነው። የሚታጠፈው ሐዲዱ ነበር።

በዚያ ላይ የባቡር ሰዎች ደንብ አለ። ያዩትን ሁሉ በጣት ጠቁመው ጮክ ብለው መናገር አለባቸው፤ ያልተጠቆመ ነገር እንዳልታየ ይቆጠራል። አባቴ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ጀመረ።

«ቀበቶ፣ ደህና! መስታወት፣ ደህና! በር፣ ደህና!»

አንዲት ድመት ከቆሻሻ ገንዳው ሥር ወጣች። ጣቱ ተዘረጋ። «ድመት፣ ደህና!»

«አባዬ፣ እጅህን መሪው ላይ!» ብላ ጮኸች ከጎኑ የተቀመጠችው ቺዙሩ።

«እጄ ሥራ ላይ ነው።»

ሲያቆም ግን ያስቀናል። የተቀባችው መስመር ላይ ፀጉር እንኳ ሳያልፍ ያቆማል፤ ከዚያ በሩን ከፍቶ የሚወርድ ሰው መኖሩን ወደ ኋላ ያያል። ወደ ግራ መታጠፉንም ቀስ በቀስ ለመደው። ጉዱ የመጣው ዋናው መንገድ ላይ ወጥተን ወደ ቀኝ ታጠፍ ሲባል ነው። የእኛ አገር መኪና የመንገዱን ግራ ይዞ ስለሚሄድ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሰው ከፊት የሚመጡትን አቋርጦ ማለፍ አለበት። አባቴ ፍሬቻ አብርቶ ቆመ። ቆመ። ቆመ።

«አሁን ሂድ!» አለች ቺዙሩ።

«መኪና እየመጣ ነው።»

«የቱ?»

«ያ፣ ነጩ።»

«አባዬ፣ እሱ የቆመ መኪና ነው! ባለቤቱ እያጠበው ነው!»

አባቴ ግንባሩን ጠረገ። «ባቡር ላይ ሂድ የሚለኝ መብራት ነው። እዚህ ማን ነው ሂድ የሚለኝ?»

«አንተው ራስህ!»

«እንዲህ ያለ ሥልጣን ተሰጥቶኝ አያውቅም» አለና ፍሬቻውን አጥፍቶ ወደ ግራ ታጠፈ። ከዚያ እንደገና ግራ፣ እንደገና ግራ፤ በመንደሩ ዙሪያ ዞሮ ቤታችን አደረሰን።

በሚቀጥለው እሑድ እራት ላይ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ የደሴቲቱን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ችግሩ ተፈቷል። ደሴት ዙሪያውን መንገድ አለው። ወደ ግራ ብቻ እየታጠፍን እንዞርና የተነሣንበት እንመለሳለን።»

«ባሕሩስ ዳር መቆም ስንፈልግ?» አለች ቺዙሩ። «ባሕሩ ያለው ከመንገዱ ማዶ ነው።»

«መኪናዋን በግራ አቁመን በእግራችን እንሻገራለን።»

«የአናናስ እርሻው?»

«በግራ ነው። እንገባለን።»

«ያ ታዋቂ የሶባ ኑድል ቤት?»

«በቀኝ ነው። አንበላም።»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። ቺዙሩ ግን አልሳቀችም፤ አንድ የተጠበሰ የድንች ኮሮኬ በቾፕስቲክ አንሥታ ሳህኑ መሃል አስቀመጠችና ዙሪያውን ሶስ አፈሰሰችበት።

«በምግብ አይቀለድም» አለች እናቴ።

«አልቀለድኩም፤ ይህ ደሴቲቱ ነው፣ ይህ ባሕሩ ነው። ይህቺ የአኩሪ አተር ሶስ ጠርሙስ ደግሞ እኛ ነን። መሪው በቀኝ ነው፤ አባዬ እዚህ። እማዬ እዚህ፣ በግራ።» ጠርሙሷን ሁልጊዜ ወደ ግራ እያጠፈች ኮሮኬውን አዞረቻት። «እስቲ በእማዬ መስኮት የሚታየው ምንድን ነው?»

«ድንች» አልኩ።

«ተራራና ሸንኮራ አገዳ ነው። ባሕሩ በሙሉ ያለው በአባዬ በኩል ነው።»



«ተራራም ደስ ይላል» አለች እናቴ፣ በጣም ቶሎ።

«ተራራ እዚህም አለ፣ እማዬ።»

«በሌላው አቅጣጫ ብንዞርስ?» አልኩ።

አባቴ ከካርታው ቀና አላለም። «መኪና የሚያከራዩት ሰዎች ግቢ በሩ ፊት ለፊት ባሕር ነው። በሌላው አቅጣጫ ለመዞር ገና ከበሩ ስንወጣ ወደ ቀኝ ነው።»

እኔም ይህቺን ቀዳዳ አየሁና፣ «እንግዲያው እማዬ ከአባዬ ኋላ ትቀመጥ። ባሕሩ በመስኮቷ ሙሉ ይታያታል። ጋቢና በመቀመጥ እኔ ልሠዋላት እችላለሁ» አልኩ።

«ከኋላው ሆኜ የማየው ማጅራቱን ነው» አለች እናቴ። «የእሱን ማጅራት በመስታወት ውስጥ ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ። ምንም የተለየ ነገር የለውም።»

«ከባሕርና ከባል ምረጪ ማለት ነው እንግዲህ» አለች ቺዙሩ።

እናቴ ሩዟን እያነሣች አሰበች። «ከጎኑ እቀመጣለሁ። ባሕሩን ስንወርድ አየዋለሁ፤ የትም አይሄድ።» ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

አባቴ ቾፕስቲኩን ሰደደና ደሴቲቱን ከነባሕሯ ዋጣት።

በየካቲት ሳይታማ ውስጥ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ኢሺጋኪ ስንወርድ ካፖርታችንን ክንዳችን ላይ አንጠልጥለን፣ ከሌላ ዓለም እንደመጡ ሞኞች ላባችንን እየጠረግን ነበር። የመኪና ማከራያው ሠራተኛ አበባ የታተመበት ሸሚዝ የለበሰ ለግላጋ ወጣት ነው። የአባቴን ወርቃማ መስመር ሲያይ ከሌላው እንግዳ በአንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ቺዙሩ ወደ መስኮቱ ዞራ ከንፈሯን ነከሰች።

እናቴ ጋቢና ገባች። አዲስ ባርኔጣ አድርጋለች። ቺዙሩና እኔ ከሻንጣ ጋር ከኋላ ተጠቀጠቅን። አባቴ ቀበቶውን፣ መስታወቱን፣ በሩን፣ ባርኔጣውን ሳይቀር በጣቱ ጠቁሞ ደህና መሆናቸውን አወጀና እስከ ግቢው በር ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ባሕሩ ተዘርግቷል። ከኋላችን ወጣቱ ሸኚ ወገቡን አጥፎ ቆሟል፤ ደንበኛው ከግቢ እስኪወጣ ቀና አይባልም።

ፍሬቻው ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ።

«አባዬ» አለች ቺዙሩ፣ «የቀኙን ነው ያበራኸው።»

«አውቃለሁ።»

ሸንኮራ አገዳ የተቆለለበት የጭነት መኪና አለፈ። አውቶቡስ አለፈ። በሞተር ሳይክል የመጡ አንዲት አሮጊት ቆም ብለው እለፍ ብለው ምልክት ሰጡት፤ አባቴ በአክብሮት ራሱን ነቅንቆ አላለፈም። ትተውት ሄዱ። ጆሮው ቲማቲም መስሏል።

«የልጁ ወገብ ሊቀነጠስ ነው» አልኩ ወደ ኋላ እያየሁ።

«ዝም በል» አለች እናቴ። እሷ ትንፋሿን ይዛለች።

የቀኙ መንገድ ነጻ ሆነ። ከዚያ የግራው። አባቴ ሁለቱንም አየ፣ እንደገና አየ፣ ጣቱን ዘረጋ።

«ቀኝ፣ ነጻ!»

መኪናዋ ዘላ ወጣች። ሻንጣው እላዬ ላይ ወደቀ፤ ቺዙሩ የማላውቀውን አምላክ ስም ጠራች። የመንገዱን ጠርዝ ልንነካ ጥቂት ሲቀረን መሪው ተመለሰና ግራችንን ይዘን ቀጥ አልን። ባሕሩ ዞረና በእናቴ መስኮት ገጭ አለ፤ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው ቀለም። እናቴ ባርኔጣዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ባሕሩን አየች፣ አባቴን አየች፣ ባሕሩን አየች። የቱን እንደምታይ የቸገራት ሰው ሆነች።

ከኋላችን ረጅም የመኪና ሰልፍ ተሰልፏል። ክላክስ የሚያደርግ የለም።

«አባዬ» አለች ቺዙሩ ነፍሷ ሲመለስ፣ «ዕቅዱ ወደ ግራ ነበር እኮ።»

«ነበር።»

«ካርታ ዘርግተህ፣ ሶባ ከልክለህ!»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ወደ ቀኝ ወጣህ?»

«ኩርባ፣ ደህና!» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ ለምን እንደሆነ ንገረን እንጂ!»

«አልናገርም።»