የነመራ ባለባልጩት

«ባሩዱን ማን ሰጠው?» አለች ድርቤ።

ጨመዳ ያነሳውን እፍኝ ቆሎ ወደ ሰፌዱ መለሰ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ባሏ ነመራ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ኑኑ ቁምባ በሚባል አገር፣ በሰው ለቅሶ ላይ ለሟች ክብር ሲተኩስ የገዛ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ፈንድቶ ገደለው። አጠገቡ የቆመው ጨመዳ ነበር።

«ያ ድርቤ፣ እኔ ነኝ። ከራሴ የባሩድ ቀንድ።»

ይህን ሲል እንኳ ዓይኗን አላየም። ቀብሩም ላይ ከሰው ጀርባ ነበር የቆመው፤ ድርቤ ልብ ብላለች። በወንዙ ዳር መሬት ከነመራ ጋር ተኳርፈው መክረማቸውን ደግሞ ነቀምቴ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው ኦቦ ሞረዳ ዛሬ የመጡት የምትጠረጥረውን ሊጠይቋት ነው። ስም ከጠራች ጨመዳ በደም ይፈለጋል።

ነመራ በጠመንጃ የሚቀልድ ሰው አልነበረም። ሌላው ጥይት ጎራሹን ውጅግራ ሲታጠቅ እሱ የአባቱን ባለባልጩት አልጥልም አለ። አንድ ቀን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አሳይቷታል። ባሩዱ በአፈሙዙ ይገባል፣ ጨርቅ ይከተለዋል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ከጎኑ ባለችው ትንሽ ጉድጓድ ደግሞ ቁንጥር ባሩድ ይጨመራል። ምላጩ ሲሳብ ባልጩት የነከሰው ቃታ ወርዶ ብረቱን ይመታል፤ ፍንጣሪው ቁንጥሯን ያቀጣጥላታል፣ እሳቱም በቀጭን ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ካልገባስ?» ብላው ነበር።

«ጢስ ብቻ ይሆናል። ድምፅ ካልሰማሽ እንዳትሞዪ። ብትደርቢበት ብረቱን ይቀደዋል።»

እንዲህ የሚያውቅ ሰው እንዴት በገዛ እጁ ይሞታል?

«ስንት ጊዜ ተኮሳችሁ?» አሉ ኦቦ ሞረዳ።

«ሦስት ጊዜ፣ ሁላችንም አንድ ላይ» አለ ጨመዳ። «በመጀመሪያውም በሁለተኛውም የሱ ጢስ ብቻ ነበር። ‹ነመራ፣ አልወጣም! አትሙላ!› ብዬ ጮህኩበት። ዞሮ አየኝና ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለሦስተኛው ሞላ።»

«እጁን አትይዝም ነበር?» አለች ድርቤ።

«የናቀኝ መሰለኛ! ኩርፊያ ላይ ነበርን። ዝም አልኩ። እንዴት ቀና ብዬ ልይሽ?»

ድርቤ ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች። ነመራ ጆሮው ከተደፈነ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ያልሰማውን ሁሉ ፈገግ እያለ በመነቅነቅ ያልፈዋል። «ደንቆሮ ብለው ከሸንጎ ያስወጡኛል፤ አደራ» ስላላት ለማንም አልተናገረችም። ሰው ሲጠራው ከጎኑ ተቀምጣ ሁለቴ መታ ታደርገዋለች። ወንዶች ከሚተኩሱበት ግን ሴት አትቆምም።

«የምትጠረጥሪውን ተናገሪ እንጂ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ሞረዳ።

ድርቤ አደራውን አሰበች፤ ከዚያ ጨመዳን አየችው።

«አይሰማም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ጨመዳ ምንም አላደረገም። ነመራ አይሰማም ነበር፤ የተኮሰ መስሎት ነው የደረበበት። የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

ጨመዳ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጥሎ አለቀሰ።

ደጅ የቆሙት ወንዶች ለክብሩ ሊተኩሱ ተሰልፈው የነመራን ስም ጮክ ብለው ጠሩ። የድርቤ እጅ ሳታስበው ወደ ጎኗ ሄደ። እሱ ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ በርጩማ ሁለቴ መታ መታ አደረገች።