ሃያ አራቱ ቀዳዳዎች

በአልጄሪያ በረሃ፣ ከዓይን ሳላሕ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደር፣ ያን ቀን ጠዋት ነጅማ የአባቷን ባለቀዳዳ የመዳብ ውሃ መለኪያ ሰሌዳ አቅፋ ስትሮጥ ያያት ሁሉ ሥራውን ጥሎ ተከተላት። ልቧ ከእግሯ ይቀድም ነበር። አባቷ ቀዱር አርባ ዓመት የመንደሩን ውሃ ሲለካ ኖሮ ዓይኑ ፈዟል፤ ዛሬ ደግሞ ለጋዝ ጉድጓዶቹ ውሃ የሚፈቅደው ወረቀት የሚፈረምበት ቀን ነው። ከተፈረመ ወዲያ መላሽ የለውም።

የምድሩን ሆድ በውሃ ኃይል ሰንጥቆ ጋዝ የሚያወጣው ኩባንያ የሙከራ ጉድጓዱን ሲቆፍር፣ ጉድጓዱ የተፋው ውሃ በተጠራቀመበት ኩሬ ዳር ሰባ እርግብ ሞቶ ተገኝቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን «ሩቅ ነው፣ ከእኛ ምን አገናኘው?» ብለው አለፉት።

የሸንጎው አለቃ ሐጂ ቡሐፍስ እስክሪብቶ ይዘው ቦዩ ዳር ተቀምጠዋል። ከአልጀርስ የመጣው የኩባንያው መሐንዲስ ሪያድ አጠገባቸው ቆሟል።

«ከመቼ ወዲህ ነው ሴት ውሃ የምትለካው?» አሉ ሐጂ።

«ወንዶቹ ሳይለኩ ሊፈርሙ ከተቀመጡ ወዲህ፣» አለች ነጅማ። ሰው ሳቀ። ወደ መሐንዲሱ ዞረች፦ «እዚህ ሳይለካ የሚሰጥ ውሃ የለም፣ ወንድሜ። አንዱ ጉድጓድህ ስንት ይጠጣል?»

«አሥራ አምስት ሚሊዮን ሊትር ገደማ።»

የቁጥሩ ትልቅነት ለማንም አልታየም። ነጅማ ሰሌዳውን ቦዩ አፍ ላይ ተከለች። የመንደሩ ውሃ በሃያ አራቱ ቀዳዳዎች እየተፍለቀለቀ፣ ከየቀዳዳው ወደ ባለድርሻው ቤት መስመር ወረደ። መሐንዲሱን አንዱ ቀዳዳ ሥር ባልዲ አስያዘችው። አሥር ሊትሩ በሁለት ደቂቃ ሞላ። ሪያድ ስልኩን አውጥቶ ደመረ፣ አባዛ፣ ደግሞ አባዛ፤ ድምፁ ቀነሰ።

«አንዱ ጉድጓድ የሚጠጣው... የመንደሩን ውሃ በሙሉ፣ የሰማንያ ሰባት ቀን።»

«ጉድጓዱስ ስንት ነው?»

«ለጊዜው ስድስት።»

ነጅማ ጭቃ አቡክታ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈነች። መስመሮቹ ደረቁ። ውሃው ከሰሌዳው ኋላ እያበጠ መጣ።

«ድርሻውን ለጉድጓዱ የሚሰጥ ጭቃውን ይተወው፤ የማይሰጥ በገዛ እጁ ይንቀለው።»

 ከዚያ አንዱ ዘሎ ገባ፤ ተከትሎት ሌላው፣ ከዚያማ መገፋፋት ሆነ። ነጅማ እስከ ጉልበቷ ረጥባ ትስቃለች። አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀረ፦ የሐጂ።

«የልጅ ልጄ ደመወዝ ከኩባንያው ነው፣» አሉ ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው።

«እንግዲያ ደመወዙን ይጠጣ፣» አሉ ሚስታቸው እማማ ምባርካ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃ ውስጥ እየገቡ። «አንተ ሽማግሌ፣ ይህን ቀዳዳ በጥሎሽ ለእኔ ሰጥተኸኝ የለም ወይ? በማን ድርሻ ነው የምትፈርመው?» ጭቃውን ነቅለው ወረወሩት፤ ውሃው ሐጂ እግር ሥር እየተንፎለፎለ አለፈ።

ሐጂ ራሳቸውን አከኩ። ቀስ ብለው ተነሡና እስክሪብቶውን ለመሐንዲሱ መለሱለት።

«ሰማህ አይደል፣ ልጄ። የምፈርምበት ውሃ የለኝም።»