የጽጽቃው መርዶ

ምስራቅ የእኅቴ የጥሩሐረግ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት ስላልመጣላት፣ ሰቆጣ እኔ ዘንድ መጥታ የማር መሸጫዬን ትጠብቅልኛለች። ትጠብቃለች ማለት እንኳ ሐሰት ነው። ሰው መጥቶ "ማር አለ?" ሲላት ቀና ሳትል "አለ" ትላለች። ነጩን ነው ቀዩን፣ እስኪ ቅመሱ ማለት የለ። ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው። ገዢው ጥቂት ቆሞ፣ የእኔን ፊት አይቶ፣ ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል።

"አንቺ ልጅ፣ እዚያ ውስጥ ምን ወድቆብሽ ነው?" እላታለሁ።

"ምንም አክስቴ፤ አንዲት ትንሽ ነገር ናት።"

ወይ ትንሽ ነገር! ወጥ ሲያርባት ትንሽ ነገር፣ ቅዳሴ ላይ ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ስትነካካ ትንሽ ነገር። እኔ ደግሞ ከተናደድኩ አፌ አያርፍም። "ባል አገኘሽበት እንዴ?" ብዬ ሰው ፊት አሾፍኩባት። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ድሮ ለቀልድ ማን ብሏት! መልስ የማታጣ ልጅ ነበረች።

ሲጀምራት በናፍቆት መሆኑን አውቃለሁ። ወንድሟ ይስማው ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በበረሃ ሲወጣ፣ በየደረሰበት ራሱን እየቀረጸ ቲክቶክ ላይ ይለቅ ነበር። የመጨረሻው የመን፣ ባሕር ዳር ሆኖ፣ ሻሽ ጠምጥሞ፣ እየሳቀ "እማዬ፣ ደርሷል በይ!" የሚልበት ነው። አሳይታኝ አብረን ስቀናል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

አንድ ቀን ከሰዓት ባለቤቴ ምንዋጋው ሱቅ መጣና በዓይኑ ወደ ጓሮ ጠራኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከይስማው ጋር የተጓዘ የአገራችን ልጅ ደውሎለት ኖሯል። ይስማው የሳዑዲን ድንበር ሳይሻገር በረሃ ላይ ታሞ ሞቷል፤ እዚያው ቀብረውታል። እንዳልጮህ ምስራቅ ከግድግዳው ወዲያ ናት። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ።

በእኛ አገር መርዶ ሰው ላይ አይወረወርም። የነፍስ አባት፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ተሂዶ፣ እናት ግራና ቀኝ ተይዛ ነው የሚነገራት። ብትወድቅ የሚያነሳት፣ ፊቷን ልንጭ ብትል እጇን የሚይዛት አለ። ጥሩሐረግ ደግሞ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ልቧ ደካማ ነው፤ ከጽጽቃ ወጣ ብሎ ባለው መንደር ብቻዋን ትኖራለች። እኛ የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኼን ክፉ ወሬ በወግ ማድረስ። የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሐዋርያት ከሄዱበት ነገ ወደ ሰቆጣ ስለሚመለሱ፣ ከነገ ወዲያ ንጋት ላይ እንዲነገራት ተቆረጠ። ምስራቅም እዚያው ከእናቷ ጋር ትረዳለች።

"እስከዚያስ? ይቺ ልጅ ስልኳ ላይ አንብባ ብትጮህ፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጽጽቃ ይገባል" አለ ምንዋጋው። ልክ ነው ብዬ ተስማማሁ። ስልኳን ቻርጅ ላይ እንዳለ ነቅሎ ኪሱ ከተተና "ተበላሽቶ ለሠሪ ሰጥቼዋለሁ" አላት።

እንዲያ ያለውን ቀን እግዚአብሔር ለማንም አያሳይ። ልጅቱ ባዶ እጇን እያየች አውራ ጣቷን ታንቀሳቅሳለች። መጨረሻ ላይ እግሬ ላይ ወደቀች።

"አክስቴ፣ በሞቴ! ሠሪው ዘንድ ሄደሽ አምጪልኝ። ትንሽ ልየውና ከዚያ ብትፈልጊ ስበሪው!"

"ለምንሽ ነው? ንገሪኝ።"

አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

"ሱስ ነው" አለኝ ምንዋጋው። "እንደ ጫት ነው፤ ሲውል ሲያድር ይለቃታል።" አመንኩት። እንዲያውም ገላገልናት ብዬ ነበር።

በማግስቱ አባን ይዘን በሚኒባስ ጽጽቃ ገባን። ለምስራቅ እናትሽን ትንሽ አሟታል ብለናታል። እዚያው አድረን ጎሕ ሲቀድ ወደ እኅቴ መንደር በእግር ወጣን። ጉብታው ላይ ስንደርስ ጩኸት ሰማን። እኅቴ ናት። አንጀቷ ሲያር የምታለቅሰው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ነው፤ ድምፁን ከሺህ እለየዋለሁ።

ገና ሳይነጋ ውሃ ልትቀዳ ምንጭ ወርዳ ኖሯል። አንዲት የጎረቤት ልጅ ማታ ስልክ ላይ አንብባ፣ እናት የተረዳች መስሏት፣ አንገቷን አቅፋ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለቻት። በቃ። የሚይዛት ሳይኖር ድንጋዩ ላይ ተፈጠፈጠች። ስንደርስ ግንባሯ ተተርትሮ፣ ደሙና ጭቃው ተቀላቅሎ፣ ልጅቱ አጠገቧ ቆማ ታለቅሳለች። መርዶ ነጋሪ ሆነን ወጥተን ለቀስተኛ ሆነን ደረስን።

ምስራቅ አልጮኸችም። የእናቷን ግንባር በነጠላዋ አሰረችና ወደ ምንዋጋው ዞረች።

"ጋሼ፣ ስልኬ እርስዎ ጋ ነበር አይደል?"

አንገቱን ደፋ።

"እኔኮ ካወቅሁ ሰነበትኩ" አለች። "ቪዲዮው ሥር አንዱ 'ነፍስ ይማር' ብሎ ጻፈ። 'እናቱ አልተረዳችም፣ በማርያም አጥፋው' ብዬ ለመንኩት፤ አጠፋው። ሌላው ይጽፋል፤ እሱንም እለምናለሁ። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ግን የሚለምናቸው አልነበረም።"

"ለእኔስ አትነግሪኝም ነበር?" አልኩ።

"መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም ትሉ የለ? እናንተ እስክትሰሙ ጠበቅሁ። እስኪነገረኝ ደግሞ ማልቀስ አልችልም።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንድ ጣሪያ ሥር፣ እሷ ከእኔ ስትደብቅ እኔ ከእሷ ስደብቅ።

ቀጥላ ያለችኝ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። "ሁሉም ለእማዬ ብዬ አይደለም አክስቴ። ስከፍተው ይቀለኛል፤ ስዘጋው ልክ አሁን የሞተ ይመስለኛል። የማያውቅ ሰው 'ይስማው የት ጠፋህ?' ብሎ ሲጽፍ 'ደህና ነው' እላለሁ። ያኔ ለጥቂት ጊዜ እኔም አምናለሁ። ከዚያ እንደገና ያቃጥለኛል፤ እንደገና እከፍታለሁ።" ይኼን ብላ ነው ያለቀሰችው።

ሣልስቱ ካለፈ በኋላ፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ እኅቴ ከመደቧ ቀና አለች።

"ሲስቅ የተቀረጸው አለ አሉኝ። አሳዩኝ።"

ምንዋጋው ስልኩን አውጥቶ ለምስራቅ ሰጣት። ከፈተችላት። "እማዬ፣ ደርሷል በይ!" አለ ይስማው። እኅቴ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

"ድገሚልኝ።"

ደገመችላት።

"ድገሚልኝ።"

ምስራቅ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። "ይብቃሽ እማዬ። ይኼ ማለቂያ የለውም፤ እኔ አውቀዋለሁ።"

"አንዴ ብቻ። በሞቴ።"

ምስራቅ እናቷን ተይ እንድላት ወደ እኔ አየች። ስንቱን ስድብ ያወረድኩባት እኔ፣ ስልኩን ከእጇ ተቀበልኩና ለእኅቴ ራሴ ከፈትኩላት።