የኤውሴቢዮ ሠላሳ ስቅለት

ሬሜዲዮስ ጥቁሩን የማኅበር ቀሚስ መጀመሪያ የለበሰችው በሃያ አንድ ዓመቷ ነው። የዚያን ዓመት ስቅለት ታላቅ ወንድሟ ኤውሴቢዮ ሲጠጣ አድሮ አልነሳ አለ። የቤተሰቡ ቦታ ባዶ እንዳይሆን እናታቸው እያለቀሰች ልብሱን እሷን አለበሰቻት፤ ፊት የሚሸፍነውን ሹል ቆብም ደፋችባት። ያኔ በስፔኗ ሴቪያ፣ በስቅለት እመቤታችንን አጅቦ በዝምታ ከሚሰለፈው ማኅበር ጋር ሴት መውጣት ክልክል ነበር። ግን ቁመታቸው እኩል ነው፤ የማኅበሩ ሰው ደግሞ ቤቱ እስኪመለስ ትንፍሽ አይልም። በባዶ እግሯ ከተማውን ዞራ ስትመለስ ኤውሴቢዮ ገና ተነስቶ ሽምብራ በቆስጣ ይበላ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የእሱ ስቅለት የእሷ ሆኖ ቀረ። ጉንፋን ቢይዛት፣ ወገቧን ቢያማት፣ አንድም ዓመት አላስቀረችም። በማኅበሩ ደንብ ነባሩ ከሰልፉ ኋላ ወደሚመጣው የእመቤታችን ምስል ይጠጋል። እሷም በየዓመቱ ረድፍ በረድፍ እየተጠጋች፣ በመጨረሻ የምስሉ ሻማዎች ሙቀት ጀርባዋን እስኪነካት ድረስ ደረሰች። ከዚያ ቦታ ሌላ በዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

ዘንድሮ ሴቶችም በስማቸው ይውጡ ተባለ። ደግ አደረጉ። ሬሜዲዮስ ተመዘገበችና ኤውሴቢዮ እውነቱን እንዲናገርላት ለመነችው፤ እሷ ብትናገር ማን ያምናታል? እሱም ሠላሳ ስቅለት ላላስቀረ የሚሰጠውን ሜዳሊያ በሚቀበልበት ቀን፣ ሁሉም ባሉበት እንደሚናገር ማለላት።

ቀኑ ደረሰ። ያ ሰነፍ አዲስ ክራባት አስሮ ወጣ፤ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ አንጠለጠሉለት። ሰው አጨበጨበ፤ አመሰገነና ተቀመጠ። በቃ። ሬሜዲዮስ ከኋላ ወንበር አፍ አፉን ስታይ ቆየች።

ሲያበቃ የሰልፉ ኃላፊ ዶን ፋውስቲኖ የቦታ ካርዷን ሰጣት። አዲስ ገቢ ናትና ከሁሉም ፊት፣ ከእመቤታችን እጅግ ርቃ ነው የምትሄደው። ኤውሴቢዮ አጠገባቸው ቆሞ ጫማውን ያያል።

«ባዶ እግሩስ ይለመዳል፤ የሚከብደው ዝምታው ነው፣ ለሴት ደግሞ ይብሳል» አላት ኃላፊው ፈገግ ብሎ። «ወንድምዎን ይጠይቁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም።»

«ልክ ነዎት» አለች ሬሜዲዮስ፣ ወንድሟን ትኩር ብላ እያየች። «ዛሬም አልወጣችም።»