አርባ ታፔላ፣ አንድ ገዢ

ሠላሳ አራት ዓመት ታፔላ ስጽፍ ኖሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት እንከን ሳያወጣ የከፈለኝ ደንበኛ አላጋጠመኝም። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ እጽፋለሁ፤ ባለሱቁ ከታች አንገቱን አቅንቶ ያያል። «ያ ፊደል ወደ ግራ አዘነበለ» ይለኛል። አቃናለሁ። «ቀዩ አልደመቀም» ይለኛል። እደርባለሁ። በሆዴ እየተራገምኩ ነው፣ አልዋሽም። በመጨረሻ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄድና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «በቃ፣ ውረድ» ይላል። ቀሪ ሂሳቤን የምቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። «ውረድ» ሳይባል የወረደ ታፔላ ጻፊ፣ በእኛ ሙያ፣ ሥራውን ጥሎ እንደሄደ ነው የሚቆጠረው።

ከዚያ የማተሚያ ማሽን መጣ። ባለሱቁ ጠዋት አዝዞ ከሰዓት ባነሩን ጠቅልሎ ይወስድ ጀመር፤ የእኔ መሰላል በረንዳ ላይ የልብስ ማስጫ ሆኖ ቀረ። ቀጥሎ ደግሞ አብዛኛውን ሥራዬን የሠራሁበት መንገድ ለአዲስ ሕንፃ ተብሎ ከዳር እስከ ዳር ፈረሰ። እዚያ ከጻፍኳቸው አርባ ታፔላዎች ያተረፍኩት አንዱን፣ የፀጉር አስተካካዩን ብቻ ነው። እሱንም አራት እግር አበጅቼለት ጠረጴዛ አደረግኩት። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፤ ምሳዬን የምበላው ሳህኔን «ፀጉር» እና «አስተካካይ» በሚሉት ቃላት መሃል አስቀምጬ ነው።

ሥራ የለመደ እጅ አርፎ አይቀመጥምና አርባዎቹን ታፔላዎች ከነቀለማቸው እያስታወስኩ ወረቀት ላይ ሣልኳቸው። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ባንክ የምትሠራው የእህቴ ልጅ በወር አንዴ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። አንድ ቀን ሥዕሎቹን አየችና፣ «አጎቴ፣ ይሄማ መጽሐፍ መሆን አለበት» አለችኝ።

«ማተሚያ ቤት በምርቃት አያትምም።»

«ኢንተርኔት ላይ ገጽ እከፍትልሃለሁ። ሰው ገንዘብ ያዋጣል፣ መጽሐፉ ይታተማል፣ ላዋጣው ሁሉ ይላክለታል።»

«ልመና ነዋ! እኔ እጄን ለሰው ዘርግቼ አላውቅም።»

«ኧረ ልመና አይደለም። ቀድሞ መግዛት በለው። አንተስ ታፔላ ስትጽፍ ቀብድ ትቀበል አልነበር?»

ቀብድ ስትለኝ ተረታሁ። ቀብድ የገዢ ነገር ነው፤ ለለማኝ ቀብድ የሚሰጥ የለም። ያገኘችውን ሥዕል ሁሉ በስልኳ አነሳች፣ እኔንም አነሳችኝና ሄደች።

ገንዘቡ በሦስት ሳምንት ሞላ። ስድሳ አንድ ሰው! ስድሳ አንድ ሰው የእኔን ታፔላ ቤቱ ሊያስገባ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤት ሰላም ሲለኝ እንኳ የምመልሰው ደረቴን ነፍቼ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሦስት ወር ቢያጓትተኝም መጽሐፎቹ መጡና ግማሾቹ አልጋዬ ሥር፣ ግማሾቹ ጠረጴዛው አጠገብ ተደረደሩ። ስድሳ አንድ ትልልቅ ፖስታ ገዛሁ። አድራሻውን በእስክሪብቶ አልጽፍም፣ በብሩሽ ነው ብዬ ቀለም በጠበጥኩ።

የእህቴ ልጅ የአድራሻውን ዝርዝር ይዛ መጣች። አንድ ወረቀት ነው፤ ላዩ ላይ ሦስት አድራሻ አለ።

«የሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ አይላክልን ብለዋል።»

«እንዴት አይላክልን?»

«ገጹ ላይ ምርጫ አለ፣ አጎቴ። ‹መጽሐፉ ይቅርብኝ፣ ድጋፌ ብቻ ይድረስ› የሚል። እሱን ነው የመረጡት። ጥሩ አይደል? የፖስታ ወጪ ተረፈልህ።»

ስልኳን ተቀብዬ ገጹን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ከላይ እኔ አለሁ፤ ክርኑ የተቀደደ የቤት ሹራቤን ለብሼ፣ መሰላሉ ሥር አቀርቅሬ ተቀምጫለሁ። «ብቸኛውን አዛውንት እንደግፍ» ይላል ጽሑፉ። ሥዕሎቹ ያሉት ከታች፣ በጣም ከታች ነው። የሰዎቹን አስተያየት አነበብኩ። «አይዞዎት አባቴ።» «አንጀቴን በሉት።» «ትንሽ ናት፣ መድኃኒት ይግዙባት።» የምን መድኃኒት? ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም። ስለ ታፔላ አንዲት ቃል ያነሳ አልነበረም።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኛ። እንዲህ ካልተጻፈ ሰው አይሰጥም።»

«መስጠት መች አልሽኝ? መግዛት ነው ያልሽኝ።»

«አጎቴ ደግሞ! ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው።»

ያው አይደለም። ግን ክፉ አስባ አይደለምና አልተቆጣኋትም። ሻይ አፍልታልኝ ሄደች። እኔን ሆድ ባሰኝ። ሃምሳ ስምንት ሰው አንገቱን ሳያቀና ሳንቲሙን ወርውሮልኝ አልፏል። ደጎች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። እንደዚያ ቀን ብቻዬን የሆንኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

ከሦስቱ አድራሻዎች አንዱ የእህቴ ነው። ሁለተኛው የራሷ የእህቴ ልጅ። ሦስተኛውን አላውቀውም፤ ከእኔ ቤት በሁለት አውቶቡስ ነው የሚደረሰው። ፖስታ ቤትን አላምንም ብዬ ራሴ ይዤው ሄድኩ። እውነቱን ከተናገርን የገዢ ፊት አምሮኝ ነው።

በሩን የከፈተችልኝ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል። መጽሐፉን ሳሳያት ገና ሰላም እንኳ ሳንባባል ተነሳችብኝ።

«ሦስት ወር ሙሉ! ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፣ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ሰው ከፍሎ የገዛውን ዕቃ እንዲህ ነው የሚጠብቀው?»

ቁጣዋ እንዴት እንደጣፈጠኝ! ማተሚያ ቤቱ ነው ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«እርስዎ ዕቃ አድራሽ ነዎት?»

«የሣልኩት እኔ ነኝ።»

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «መሰላሉ ላይ የነበሩት እርስዎ ነዎት? ፀጉር አስተካካዩ ‹በቃ፣ ውረድ› እስኪልዎት ግማሽ ቀን ቁጭ ብድግ ሲያደርግዎት ከስፌት መኪናዬ ሆኜ እሰማ ነበር። ይግቡ። አይቼ እስክጨርስ እንዳይሄዱ።»

ስለ ሹራቤም ስለ ብቸኝነቴም አላነሳችም። ኋላ ስጠይቃት፣ «ጽሑፉን አላነበብኩትም፤ መንገዳችንን ልይበት ብዬ ነው የገዛሁት» አለችኝ።

ክፍሏ ውስጥ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ወንበርና በክር ጥቅል የተሞላ መደርደሪያ አለ። ወንበሩን ለእኔ ሰጥታ እሷ ቆማ ገለጠች። አትቸኩልም። ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ግን እጇ ቆመ።

«ይሄ ተሳስቷል።»

«ምኑ?»

«የፀጉር አስተካካዩ ታፔላ መደቡ አረንጓዴ ነው። ሰማያዊ አድርገውታል።»

«እመቤቴ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ። ሰማያዊ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሱቄን እስክለቅ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊቱ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ከሥራዬ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው እሱን ነበር።» ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል ክር መዝዛ ገጹ ላይ አስቀመጠችው። «ይሄ አረንጓዴ። ቁርጥ እሱን።»

«ታፔላው ቤቴ አለ፤ ምሳ የምበላበት ነው!»

«እንግዲያው ሄደው ይዩት። አለዚያ ገንዘቤን ይመልሱልኝ።» ክሩን እጄ ላይ አኖረችው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ ተመለስኩ። ጠረጴዛው ሰማያዊ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው። ለማንኛውም ብዬ ጠርዙን በምላጭ ፋቅ አደረግኩት። ሰማያዊው ተቀርፎ ተነሳ። ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ። ክሩን አጠገቡ አስቀመጥኩት። ቁርጥ እሱን።

ያኔ ትዝ አለኝ። ፀጉር አስተካካዩ ሲሞት ልጁ ቀለም ቀይርልኝ ብሎኝ ነበር። ሰማያዊ ቀባሁት፣ በዓመቱ መንገዱ ፈረሰ። ሃያ ዓመት የኖረውን ቀለም ረስቼ የአንድ ዓመቱን አሳትሜዋለሁ፤ ያውም በየቀኑ ላዩ ላይ እየበላሁ። እሷ ግን አልረሳችውም። እኔ መሰላሌን አንስቼ ከሄድኩ በኋላ፣ ዓመት ከዓመት፣ ያቺን ሥራዬን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ነበር ማለት ነው። ምላጩን እንደያዝኩ አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

በማግስቱ የታተመውን መሸፈን የሚችል ወፍራም ቀለምና ሁለት ብሩሽ ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ «አረንጓዴ ነው» አልኳት። «ነገርኩዎት» አለችና መንገድ ለቀቀችልኝ።

የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ቀለሙን ከክሩ ጋር እያስተያየሁ በጠበጥኩ።

«ጠቆረ» አለች ከጀርባዬ። ቢጫ ጨመርኩ።

«አሁን ደግሞ ገረጣ።» በሆዴ ተራገምኩና እንደገና በጠበጥኩ። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ፣ በፊደሎቹ መሃል በቀጭኑ ብሩሽ፣ ዳር ዳሩን በወፍራሙ ሄድኩበት።

«እዚያ ጥግ ላይ ሰማያዊ ቀርቷል።» ሸፈንኩት።

ከዚያ በኋላ ሌላ እንከን አላወጣችም። እኔም ዞሬ አላየኋትም። ቤቴ ሃምሳ ስምንት መጽሐፍ ከነስህተቱ ይጠብቀኛል፤ የሚጠይቀው የለም። ብሩሹን እንደያዝኩ ጠበቅኩ። ወለሉ ላይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስትሄድ ሰማሁ።

«በቃ፣ ውረድ» አለች።

የወንበሩን ጠርዝ ይዤ ቀስ ብዬ ተነሳሁ።